አስማተኛ መዛኙ መምህር

ዛሬ ጠዋት መነጽሬ ጠፋብኝና ጎረቤቴን ሌባ አደረግኋት። በአፌ አይደለም፤ በሆዴ። ትናንት ጨው ልትበደር ብቅ ብላ ነበር፤ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ነበር፤ መነጽሬም ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ትራሱን አነሳሁ፣ አልጋውን ገፋሁ፣ ጫማዬ ውስጥ ሳይቀር እጄን ሰደድኩ። በመጨረሻ በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ፣ ሰዓዳ ሆይ፣ ትናንት ስትገቢ መነጽሬን አይተሽዋል ወይ አልኳት። ድምፄ ላይ የሆነ ነገር ሰምታ ኖሮ የምታሰጣውን ልብስ ትታ መጣች። የባምባሲ ልጅ ናት፤ ነገር ገብቷት እንዳልገባት ሆና ማለፍ አታውቅበትም። ቤቱን አንዴ ዞር ዞር ብላ አየችና በቆሎ ስለቅምበት የዋልኩት ገበቴ ውስጥ እጇን ከተተች። መነጽሬን ከበቆሎው መሀል መዝዛ አወጣችው።

«ጋሼ፣ በቆሎው ማንበብ ጀመረ እንዴ?» አለችኝ።

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ የእሷ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና፣ «ሌላ ጊዜ ከእኔ በፊት ገበቴውን ይዩ» ብላኝ ሄደች።

ይህን ያደረገው ሰው ዕድሜ ልኩን ምን ሲያስተምር እንደኖረ ብነግራችሁ እናንተም ትስቁብኛላችሁ። አማርኛና ሥነ ጽሑፍ ነው ያስተማርኩት፤ ኩርሙክ፣ መንጌ፣ ቶንጎ፣ በመጨረሻም እዚሁ አሶሳ። ባልደረቦቼ ግን የሚያውቁኝ በአንድ ትምህርት ነው። በጥንት መጻሕፍት ውስጥ ያሉ አስማተኞችን እያነጻጸርኩ አስተምር ነበር፤ የማን ኃይል ይበልጣል፣ ከየት አመጣው፣ ምን ያስከፍለዋል እያልኩ። ስሜን «አስማተኛ መዛኙ» ብለውት ነበር። ጡረታ ስወጣ ጋቢ አልብሰው ሲሸኙኝ እንኳ ንግግር ያደረገው ወጣት መምህር በዚሁ ስም ጠራኝ፤ አዳራሹ አጨበጨበ፣ እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ደስ ብሎኝ መስሏቸው ነበር።

ትምህርቱን የሰጡኝ ጋሽ መርሻ ናቸው። ገና ሳልመደብ፣ ለማስተማር ልምምድ አሶሳ መጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ስገባ እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ከወሎ ከሰፋሪዎቹ ጋር የመጡ፣ ረጅም፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ትከሻው ላይ ጠመኔ የነካው ሰው ነበሩ። ክፍል ከመግባታቸው በፊት ጠመኔውን ለሁለት ይሰብሩታል፤ ሙሉ ጠመኔ ይጮኻል ይሉ ነበር። ተማሪ መናገር ሲጀምር ጠመኔውን አስቀምጠው ሄደው ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ መምህሩ ፊት ለፊት ከቆመ ልጅ ለመምህሩ ነው የሚናገረው፣ ለነገሩ አይደለም ባይ ናቸው።

ለአስማተኞቹ ደግሞ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ሌላው ሁሉ መምህር አስማተኛው ምን ይችላል ብሎ ይጀምራል። እሳቸው «ምን ያቅተዋል?» ብለው ይጀምራሉ። ሰውን ወደ አውሬ የምትለውጠው ሴት የሰውየውን ቆዳ ትለውጣለች፤ ትዝታውን ግን ማጥፋት ያቅታታል፤ ለዚህ ነው አውሬው የሚያለቅሰው። ነፍሱን ከገላው አውጥቶ በሩቅ አገር የደበቀው አይሞትም፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ያለ ስጋት መተኛት ያቅተዋል። ማዕበል የሚጠራው መጽሐፉን ከተቀማ ከማንኛውም ሽማግሌ አይለይም። በገድል ውስጥ በአየር የሚበረው ጠንቋይ መውጣት ይችላል፣ መውረዱ ግን በእጁ አይደለም። ልጆቹ በዚህ ጥያቄ ሲነቁ ማየት ነበር። ከኃይሉ ይልቅ እጥረቱን ሲፈልጉ ታሪኩን ሦስት አራቴ ይመላለሱበታል፤ ጋሽ መርሻም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ትምህርቱ ሲያልቅ፣ ደወል ቢደወልም ባይደወልም፣ ሰሌዳውን ራሳቸው ያጠፋሉ። ለተማሪ አይሰጡም። ከላይ እስከ ግርጌ፣ ማዕዘኑ ሳይቀር። እኔ ይህን የሽማግሌ ንዝንዝ አድርጌ ነበር የማየው። ጥያቄያቸውን ወሰድኩ፣ ጠመኔ መስበሩን ወሰድኩ፣ ኋላ መቀመጡን ወሰድኩ። ማጥፊያውን እዚያው ትቼላቸው ሄድኩ።

ኩርሙክ የመጀመሪያ ምድቤ ነበረ። ከጠረፉ ማዶ ሱዳን ይታያል፤ ግመልና ማሽላ የጫኑ ነጋዴዎች እንደ ጎረቤት ይመላለሳሉ። ደመወዛችን ከአሶሳ በመኪና ነበር የሚመጣው፤ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀር እኛም ዱቤ ውስጥ እንቀራለን። ርዕሰ መምህሩ ዝምተኛ ነበር፤ የትምህርት ዕቅዴን ሲያይ፣ «ዓላማ፦ ተማሪዎች አስማተኞችን በኃይላቸው ይለያሉ» የሚል አገኘና ብዙ አሰበበት። ከዚያ፣ «ለይተውስ ምን ያደርጓቸዋል?» አለኝ። ለባልደረቦቼ እየነገርኩ ሳምንት ሙሉ ስቄበታለሁ።

መንጌ ስዛወር ግን ትምህርቴ ጎልምሶ ነበር። ሠንጠረዥ አስገብቼበታለሁ። በሰሌዳው ላይ ከላይ ወደታች አስማተኞቹን በኃይላቸው ቅደም ተከተል እደረድራለሁ፤ ከጎናቸው ምን ይችላል፣ ምን ያቅተዋል። ልጆቹ እየተከራከሩ አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች ያስደርጉኛል። መንጌ ወርቅ የሚታጠብበት አገር ነውና በጣም የወደዱት ከመሬት በታች ያለ ሀብት የት እንዳለ የሚያውቀውን፣ በገዛ እጁ ግን ማውጣት የሚያቅተውን ነበር። እሱን ከማንም በላይ አድርጉልን ብለው ይለምኑኝ ነበር።

በመምህራን መኖሪያው አጠገብ ኻላ ሐዋ ትኖር ነበር። ኻላ አክስት ማለት ነው፤ መላው መንደር እንደዚያ ይላታል፤ እኔም። ባሏ ከሞተ በኋላ ወንዝ እየወረደች ወርቅ እያጠበች ልጇን ያሳደገች፣ አማርኛን ገበያ ላይ የተማረች፣ ከማንም ጋር የምትቀልድ ሴት። እኔን ኡስታዝ ትለኛለች፤ መምህር ለማለት ነው። ቀጭን ስለነበርኩ ነፋስ በመጣ ቁጥር ቤቷ በር ላይ ቆማ፣ «ኡስታዝ፣ ኪስ ውስጥ ድንጋይ አለ?» ትለኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ገበቴዋን ለመንኳት። የተማሪዎቼ ድርሰት እንቶ ፈንቶ ስለበዛበት፣ ትንተና ማለት አሸዋውን አጥቦ ማስወገድ ነው ብዬ በዓይናቸው ላሳያቸው ፈልጌ ነው። ከዋንዛ የተጠረበ፣ ከእጇ ብዛት ጠርዙ የሳሳ ገበቴ ነበር። ለመስጠት አመነታች።

«ሐሙስ ትመልሳለህ» አለችኝ። «ሐሙስ እኔ ወንዝ ይሄዳል።»

ሐሙስ ግን ማንም ወንዝ አልሄደም። በዋዜማው ኢሳ የሚባል ጎልማሳ የወርቅ ጉድጓድ ተደርምሶበት ሞተ። ዝናቡ መሬቱን አርሶት ነበር፤ ወንዶቹ በእጃቸውም በዶማም ቆፍረው ሲደርሱበት አልቆ ነበር። ቀበሩት። በቀብሩ ማግሥት ወሬው ተነሳ። ኢሳና ኻላ ሐዋ ለዚያ ጉድጓድ ስፍራ ተጣልተው ነበር፤ በጠቡ መሀል፣ ሰዎች እየሰሙ፣ «ይህ ጉድጓድ ይበላሃል» ብላዋለች። የኢሳ ወንድም ባበክር ሳሂር ናት አለ። በዚያ አገር አነጋገር ሳሂር ማለት መተተኛ ነው።

አደራችሁን፣ የዚያን አገር ሰው ብቻ አትታዘቡ። እኔ የተወለድኩበት ደጋ እናቴ ቡዳ ይበላዋል ብላ እንግዳ ሲመጣ ነጠላዋ ውስጥ ትደብቀኝ ነበር። ወፍራም ልጅ ሆኜ እንኳ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ሲያዩኝ የሚያስጎመጅ ነገር አልነበረኝም።

የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ኢድሪስ ነገሩን ለማብረድ ቅዳሜ ሰው ሰበሰቡ። እኔንም አስጠሩኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ የተማርኩ ሰው ነኛ፣ እንዴት አልጠራም። ማንጎው ሥር ተቀምጠን ገና ነገሩ ሳይጀመር ዝናብ ወረደብንና ሼሁ ወደ ትምህርት ቤቱ እንግባ አሉ። ቅርቡ ክፍል የእኔ ነበር። ገባን። ሽማግሌዎቹ፣ ሴቶቹ፣ የኢሳ እናት፣ ሁሉም በተማሪ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀመጡ። ኻላ ሐዋ ፊት ያለው ወንበር ደረሳት፤ ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞራ ነበር የተቀመጠችው።

ከፊታቸው ሰሌዳው ነበር። የዓርብ ሠንጠረዥ ከነሙሉ ክብሩ። አስማተኞቹ ከላይ እስከ ታች ተሰልፈዋል።

ባበክር ሁለት ዓመት ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ ትምህርቱን ትቶ ወርቅ ቁፋሮ ገብቶ ነበር። ተነሥቶ ሰሌዳውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ያነበበውን ደግሞ ለሽማግሌዎቹ በበርታኛ ይተረጉማል። አንድ ቃል አልሳተም። ጥሩ አነበበ ብዬ በልቤ ማርክ ሰጠሁት፤ ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆንኩ ከዚህ እዩ። አንብቦ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«ኡስታዝ፣ እነዚህን አንተ ታውቃለህ። ሐዋ የቱ ጋር ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቆርቆሮውን ዝናቡ ይደበድበዋል። ያን ጊዜ ያሰብኩትን አስታውሳለሁ፤ አስቄ አበርደዋለሁ ነው ያልኩት። የጋሽ መርሻ ጥያቄ በእጄ አለ፤ የሚያቅታትን ሁሉ ዘርዝሬ ነገሩን አሳንሼ አሳንሼ ከንቱ አደርገዋለሁ። ደግሞ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ጠመኔ ካየሁ እጄ አያርፍም። ጠመኔውን ለሁለት ሰበርኩ። እዩት፣ ያን ጊዜም ሰበርኩት። በሠንጠረዡ ግርጌ፣ ከአስማተኞቹ ሁሉ በታች፣ «ሐዋ» ብዬ ጻፍኩ። ምን ትችላለች? ወርቅ ታጥባለች። ምን ያቅታታል? ሌላው ሁሉ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሬ ንግግር አደረግሁ። ማዕበል አትጠራም፣ አትበርም፣ ሀብት ያለበትን ብታውቅማ ኖሮ በተቀደደ ጫማ ወንዝ ትወርድ ነበር ወይ፣ እንኳን ጉድጓድ ልትንድ የጎረቤት ዶሮ ከማሽላዋ ላይ ማባረር አቅቷታል አልኩ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። አሸነፍኩ አልኩ።

ኻላ ሐዋ ማንበብ አትችልም። ስሟ እንደተጠራ ግን ሰምታለች። ሰሌዳውን ትክ ብላ አይታ፣ «ኡስታዝ፣ ምን ጻፈ?» አለችኝ።

ከሁሉም ታንሻለሽ ነው ያልኩት አልኳት፤ ፈገግ እያልኩ።

«ከማን?»

ከአስማተኞቹ አልኳት።

በዚያ ድምፅ ስትናገር ከዚያ በፊት ሰምቻት አላውቅም። «እኔ ከነሱ ጋር ነው?» አለች።

ወደ እሷ ጠጋ ስል ከኋላ የኢሳ እናት ተናገረች። በበርታኛ ነው የተናገረችው፤ ባበክር ተረጎመልኝ። «ልጄን ለመግደል ትልቅ አያስፈልግም፣ ትንሽ ይበቃል» ብላለች።

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ የሰማኝ የለም። ተረት ነው አልኩ፣ የመጽሐፍ ነገር ነው አልኩ፣ መሬቱን ዝናብ ነው የናደው አልኩ። ሁሉም ሰሌዳውን ነበር የሚያዩት። ሰሌዳው ላይ ደግሞ በእኔው የእጅ ጽሑፍ፣ በደማቁ፣ ስሟ አለ። የኢሳ ወገኖች ከእርሷ ጋር በአንድ መንደር አንኖርም አሉ፤ ሌላው ሰው ዝም አለ፤ ዝምታውም ውሳኔ ሆነ።

ሰው ሲበተን ሼህ ኢድሪስ በሩ ላይ ጠበቁኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ኡስታዝ፣ እኔ የጠራሁህ የለም እንድትል ነበር» አሉኝ። «የተማረ ሰው የለም ካለ ይበርዳል ብዬ። አንተ ትንሽ ነው አልክ።»

ለምን የለም እንዳላልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። መመዘን ስለለመድኩ ነው ማለት ይቻላል፤ ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ ዜሮ የሚባል ማርክ ሰጥቼ አላውቅም። ግን እሱ ብቻ አይመስለኝም። የለም የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ ለማለት የእናቴ ነጠላ ውስጥ ያለው ልጅ ሳይፈራ አልቀረም።

ሰኞ ጠዋት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ በመስኮቱ አየኋት። ልጇ አህያ እየነዳ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ። የሚጫን ብዙ ነገር አልነበራቸውም። ገበቴው ጠረጴዛዬ ሥር ነበር። ደርሼ እሰጣታለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ግን ክፍለ ጊዜው አላለቀም። ክፍለ ጊዜ አክባሪ ነኝ፤ በዚህ ምስጉን ነበርኩ። ደወል ሆኖ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ተመትቶ ስወጣ መንገዱ ላይ የነበረው የአህያው ዱካ ነው፤ እሱም ውኃ ሞልቶበታል።

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አሶሳ ወርጄ ነገሩን ለጋሽ መርሻ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው በረንዳቸው ላይ ነበር የሚውሉት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወይም ነው እንዲሉኝ።

«ሰሌዳውን አጥፍተህ ነበር?» አሉኝ።

አላጠፋሁም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ስለ ማንጎ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አንድም ቀን አላነሱትም፤ ዓመት ሳይሞላ ሞቱ።

ቶንጎ ተመደብኩ። ትምህርቱን ልተወው አስቤ ነበር፤ ሳልተወው ለወጥኩት። በሠንጠረዡ መጀመሪያ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ አስማተኛ ነው ያለው ማን ነው? ልጆቹ መጀመሪያ አሰልቺ ሆነባቸው። ቀስ በቀስ ግን አንዲት ተማሪ፣ በጥንቶቹ ታሪኮች ውስጥ አስማተኞቹ ራሳቸው ታሪካቸውን ሲያወሩ እንደማታገኝ፣ ሁልጊዜ ስለ እነሱ የሚያወራው አንድ ነገር የጠፋበት ወይም የሞተበት ሰው እንደሆነ ተናገረች። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበርና ፊቴን አላየችም። እሷ ስትጨርስ ሄጄ ሰሌዳውን አጠፋሁ፤ ገና ደወል አልተደወለም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳ ሳላጠፋ ከክፍል ወጥቼ አላውቅም። አሶሳ ስዛወር ተማሪዎቼ በዚህ ይቀልዱብኝ ነበር፤ የሽማግሌ ንዝንዝ ነው ይሉ ነበር መሰለኝ።

ገበቴው በሄድኩበት ሁሉ አብሮኝ ሄደ። አንድ ጊዜ ለፈተና ኃላፊነት ኩርሙክ ሄጄ ማሽላ ከማዶ የምታመጣ ነጋዴ አገኘሁ፤ ኻላ ሐዋን ታውቃታለች። ከጠረፉ ማዶ ካለ ወንዝ ዳር ናት አለችኝ፤ ወርቅ ታጥባለች፤ በብረት ሳህን። በሳህን ለምን አልኳት።

«ገበቴዬ ኡስታዝ ጋ አለ ትላለች» አለችኝ።

እኔ ኡስታዙ መሆኔን አልነገርኳትም። አንድ መምህር አድርስልኝ ብሎኝ ነው አልኳትና ገበቴውን ልትወስድልኝ ትችል እንደሆነ ጠየቅኋት፤ በደስታ አለች። ከዚያ ሐሳቤን ለወጥኩ። ራሴ እወስደዋለሁ፣ በእጇ እሰጣታለሁ፣ የለም ነበር ማለት የነበረብኝ ብዬ እነግራታለሁ አልኩ። ንግግር ማዘጋጀት እወዳለሁ። በየዓመቱ ክረምት ሲያልፍ እሄዳለሁ እያልኩ፣ መንገዱ ሲዘጋ፣ ሲከፈት፣ ጡረታዬ ደረሰ፤ ከዚያ ማዶ ጦርነት ሆነ።

ባለፈው ዓመት ሰዎች ከማዶ እየሸሹ ኩርሙክ ሲገቡ ሄድኩ። ገበቴውን ብብቴ ውስጥ አድርጌ ከጥላ ወደ ጥላ ስዞር ዋልኩ። ሻጭ መስያቸው ስንት ነው የሚሉኝ ነበሩ። ከሴቶቹ ፊት ቆሜ ዕድሜ እገምታለሁ፤ እሷ ብትሆንም ላላውቃት እንደምችል ያወቅሁት እዚያ ነው። ስሟን ጠርቼ ጠየቅሁ። አንዲት ሴት ሐዋ የሚባሉ ብዙ ናቸው፣ የምን ሐዋ አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ወርቅ የምታጥብ አልኩ። ሁላችንም እናጥባለን አለችኝ።

ሰዓዳ ከሄደች በኋላ መነጽሬን አጥቤ አጠለቅሁና ገበቴውን አየሁት። ጠርዙ ላይ የእጇ መያዣ የሳሳበት ቦታ አሁንም አለ። ስንት ዓመት ሳልነካው ኖሬ፣ ትናንት ዕቃ አጣሁና በቆሎ ለቀምኩበት፤ የራሴ ዕቃ ይመስል። በቆሎውን ወደ ድስት ገለበጥኩት። ገበቴውን በሁለት ውኃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በሩ አጠገብ አቆምኩት።

ሐሙስ ትመልሳለህ ነበር ያለችኝ።